ጠዋት ሁለት ሰዓት

«ካልኩሌተሩስ?» አለ አንድ ድምፅ ከግድግዳው ማዶ።

«ተስፋሁን ነዋ» አለ ከፈለኝ። ሦስት አራት ሰው ሳቀ።

አብርሆት የማሽን ክፍሉን ቁልፍ በሩ ላይ እንደሰካች ቆመች። የትምህርት መሥሪያ ቤቱን ክፍሎች የሚለያቸው ስስ ጣውላ ስለሆነ ንብረት ክፍል ያነጠሰን ሰው ሒሳብ ክፍል ሆነው «ይማርህ» ይሉታል። ካልኩሌተሩን ባለፈው ዓርብ ከፈለኝ ጠረጴዛ ላይ፣ ከሻይ ብርጭቆው አጠገብ፣ በዓይኗ አይታዋለች። ወንድሟ ተስፋሁን ደግሞ ከመስከረም ጀምሮ አፈር ውስጥ ነው፤ አሁን ሚያዝያ ነው። ግን ከሞተ ወዲህ እዚህ ቤት ሥራ በዝቶበታል። ስቴፕለሩን ወሰደ፣ የማተሚያውን ክዳን ሰበረ፣ የመጋዘኑን ትርፍ ቁልፍ ጣለ፣ የጄኔሬተሩን መመሪያ ይዞ ሄደ። መጀመሪያ በሹክሹክታ ይባል ነበር፤ ቀጥሎ ቀልድ ሆነ፤ አሁን ቀልድም አይደለም፤ ዕቃ የጠፋበት ሰው «ይሄ እንኳ የተስፋሁን ነው» ይልና መፈለጉን ይተዋል። ክፋት የላቸውም። ከፈለኝ አስከሬኑን ከተሸከሙት አንዱ ነበር፤ የቀብሩ ዕለት አንድ ጫማው ጭቃ ውስጥ ቀርቶበት በካልሲ ወደ ቤቱ የሄደ ሰው ነው። አብርሆትን ሲያይም ሳቁን ዋጥ አድርጎ «እንዴት አደርሽ እህቴ፣ ላቀች ደህና ናት?» ይላታል። ላቀች የተስፋሁን ሚስት ናት፤ አብርሆት የምትኖረው ከእሷ ጋር ነው። «እግዚአብሔር ይመስገን» ትልና ታልፋለች። በወንድሟ ቦታ የኮምፒውተር ባለሙያ ሆና ከተቀጠረች ጀምሮ አንድም ቀን ሌላ መልስ ሰጥታ አታውቅም።

ያን ቀን ደግሞ ሌላ የምታስበው ነበራት። ቫይረስ የመሥሪያ ቤቱን ኮምፒውተሮች እንደ ነቀዝ በልቷቸው ነበር፤ ፍላሽ መሰካት ከተከለከለ ቆይቷል፤ የሲዲ ማስገቢያዎቹንም የቦንጋ እርጥበት ጨርሷቸዋል። ጅማ ስትማር ያየችው ዘዴ ግን ሲዲም ፍላሽም አይፈልግም። አንድ ማሽን ሰጪ ይሆናል፤ ሌሎቹ ሊነክስ የሚባለውን፣ ያ ሁሉ ቫይረስ የማይደፍረውን ሲስተም በኔትወርኩ ገመድ ይቀበላሉ። ሰው ኮምፒውተሩን ሲያበራ ኮምፒውተሩ በገመዱ በኩል «አለህ?» ብሎ ይጠይቃል። ሰጪው ዝግ ከሆነ መልስ የለም፣ ሁሉም እንደ ወትሮው ይቀጥላል። ክፍት ከሆነ «አለሁ» ይለዋል፤ ያኔ በውስጡ የነበረው ሁሉ ይጠረግና አዲሱ ይገባል፤ ሰው ቁልፍ መንካት እንኳ አያስፈልገውም። ሰጪ እንዲሆን የመረጠችው የተስፋሁንን ማሽን ነው፤ የሰውን ማሽን ሁሉ ሲጠግን የራሱን ጎን መክደን የረሳው፣ ሆዱ እንደተከፈተ ጠረጴዛው ሥር የሚቀመጠውን። ትናንት እየዞረች እያንዳንዱን ኮምፒውተር ከሁሉ በፊት ገመዱን እንዲጠይቅ አዘዘችው፤ ሰጪውን ደግሞ ዛሬ ከምሳ በኋላ በስምንት ሰዓት እንዲከፈት። ጠዋቱ ሰው ሁሉ ሥራውን በገመዱ ወደ ማሽን ክፍሉ ገልብጦ የሚያስቀምጥበት ነው።

ለእትዬ ተሾመች ግን ማስታወቂያ መለጠፍ አልበቃትም፤ «ነገ ጠዋት እኔ ራሴ መጥቼ እገለብጥልዎታለሁ» ብላቸዋለች። እትዬ ተሾመች ከታይፕ መኪና ዘመን ጀምሮ የመሥሪያ ቤቱ ጸሐፊ ናቸው። ከዓምና ወዲህ ከሌላ ሥራቸው ጊዜ እየሰረቁ የሚጽፉት የሁለተኛ ክፍል የካፊኖኖ፣ የካፋዎች ቋንቋ፣ ማንበቢያ መጽሐፍ ነበር፤ ከዋጫና ከሺሺንዳ ትምህርት ቤቶች መምህራን የሰበሰቧቸው ተረቶች፣ አናባቢው በሚደጋገም በላቲን ፊደል። አንዱን ፊደል ሁለቴ በመቱ ቁጥር ከንፈራቸው አብሮ ይንቀሳቀሳል። በኮምፒውተር መጻፍን ያስተማራቸው ተስፋሁን ነው። ማንም ሳይመጣ እየመጡ፣ ጋቢያቸውን ወንበሩ ላይ ጥለው፣ ቢሮው ጸጥ ባለበት ሰዓት ነው የሚሠሩት። መጽሐፉ በሰኔ ለኅትመት ሊላክ ነበር።

አብርሆት ቁልፉን አዞረችና ገባች። ክፍሉ የእርጥብ ወረቀት ሽታ አለው። መስኮቱ ላይ ጉሙ ተለጥፎ ገና አልለቀቀም፤ ማዶ ያለው ኮረብታ አይታይም። መብራቱን ከማብራቷ በፊት ድምፁን ሰማችው። ጠረጴዛው ሥር ያለው ማሽን እየሠራ ነው። ዝም ብሎ የበራ ማሽን ድምፅ ሳይሆን፣ ውስጡ ያለው ነገር እየተጨነቀ የሚሠራ፣ ከረር ከረር የሚል ድምፅ። በላዩ ላይ የተሰቀለችው የገመዶች ማገናኛ ሣጥን ትንንሽ መብራቶቿን ታርገበግባለች፤ አንድ ሰው ከብዙ ሰው ጋር በአንድ ጊዜ የሚያወራ ይመስላል። ወንበሩ ወደ በሩ ዞሯል። ፅዳቷ ስትጠርግ አዙራው ይሆናል፤ ግን ተስፋሁን ሊነሳ ሲል እንደዚያ ነበር የሚያዞረው። ማንም አላዘዘውም፤ ገና ጠዋት ነው።

«አብርሆቴ» አሉ እትዬ ተሾመች ከበሩ። ጋቢያቸው በአንድ ትከሻቸው ላይ ነው። «ነይ እስቲ። ዛሬ አንቺን ብዬ አርፍጄ ገና አሁን ባበራው፣ ማሽኔ ያለ እኔ እየሠራ ነው።»

ሮጣ ደረሰች። በስክሪኑ ላይ አንድ ሰማያዊ መስመር ከግራ ወደ ቀኝ እየሞላ ይሄዳል፤ እኩሌታውን አልፏል። ገመዱን ከኋላ ነቀለችው። መስመሩ ቆመ። የቆመው ግን ሊያጠፋ የመጣውን አጥፍቶ ነው፤ መጀመሪያ የሚያደርገው እሱን መሆኑን ከእሷ በላይ የሚያውቅ በዚያ ቤት የለም። ሌሎቹን ለማዳን ዞረች፤ ሦስት ሰዎች ቀድመው አብርተው ነበር፣ ከደብዳቤ ቅጂ በስተቀር የሚያሳዝን ነገር አልነበራቸውም። ተመልሳ ስትመጣ እትዬ ተሾመች ተቀምጠው እጃቸውን የፊደል ሰሌዳው ላይ አድርገዋል፤ አይጽፉም።

«ጠፍቷል» አለቻቸው።

«መጽሐፉ?»

«መጽሐፉ።»

«ዛሬ ጠዋት እገለብጥልዎታለሁ ብለሽኝ ነበር እኮ» አሉ፤ እንደ ወቀሳ አይደለም፣ ቀን እንደሚያረጋግጥ ሰው ነው።

«አዎ።»

«ይኸው መጣሁ» አሉ።

ከዚያ በኋላ እስከ ረፋዱ አብርሆት ዲስኩን ነቅላ ከሌላ ማሽን ጋር አገናኝታ ስትፈልግ ቆየች። የምታገኘው ቁርጥራጭ ነው፤ ጭራ የሌለው የቀበሮ ተረት፣ መጀመሪያው ጠፍቶ «ብሎ መለሰላት» የሚል መጨረሻ፣ ከዚያ በኋላ ትርጉም የሌለው የምልክት ጎርፍ። ከግድግዳው ማዶ ወሬው ደርሷል። ፅዳቷ ክፍሉ ተቆልፎ ማሽኑ በራሱ እንደተነሳ ሳትምል አልቀረችም፤ አንዱ ደግሞ «ተስፋሁን የሚገባው ልክ በሁለት ሰዓት አልነበር?» አለ። በዚህኛው ማንም አልሳቀም። ከፈለኝ ብቻ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እሱ ነው» አለ። አብርሆት ያን ድምፅ ስትሰማ የፈራችው ነገር ቢኖር፣ ልቧ ውስጥ አንድ ጥግ ላይ እሷም እንደዚያ ማለቷ ነው።

ሰዓቱን ያየችው ያኔ ነው። ትናንት ማሽኑን ከማዘዟ በፊት አይታዋለች፤ ከእጅ ሰዓቷ ጋር አመሳክራ ልክ ነው ብላ አልፋለች። አሁንም ልክ ነበር፤ በማሽኑ ጥግ አራት ከሩብ፣ በእጇ ላይ አራት ከሩብ። ያ ልክነት ራሱ ስህተቱ እንደሆነ ቀስ ብሎ ገባት። የእጅ ሰዓቷ የሚቆጥረው እንደ አገሩ ሰው ነው። ማሽኑ ከእሷ ጋር ሊስማማ የሚችለው እሱም በአበሻ ሲቆጥር ብቻ ነው። እሷ ግን ያዘዘችው ዩኒቨርሲቲ እንደለመደችው በፈረንጅ ነው፤ የእኛ ስምንት ሰዓት በፈረንጅ ሁለት ሰዓት ከሰዓት በኋላ አይደል? ሁለት ሰዓት አለችው። ማሽኑም ቦንጋ ውስጥ ጠዋት ሁለት ሰዓት ሲሆን፣ ሰው ሁሉ ገብቶ ኮምፒውተሩን ሲያበራ፣ እሱ ከሰዓት በኋላ መስሎት፣ በታማኝነት በሩን ከፈተ።

እጇን ከፊደል ሰሌዳው አነሳች። ወዲያው፣ ሳትጠራው፣ የወንድሟ ድምፅ መጣ። እቤት ነው፤ እራት ላይ። የእጅ ሰዓቱን ፈትቶ ከጨው ዕቃው ጎን አስቀምጦታል። «አለቃዬ ዛሬ ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው?» ይላል አፉ ሞልቶ። «‹ይሄ ኮምፒውተር ከእጅ ሰዓቴ ጋር ካልተስማማ ውሸታም ነው፣ አስታርቅልኝ› አሉኝ። አስታረቅኳቸዋ። አሁን መሥሪያ ቤቱ በሙሉ በአበሻ ይቆጥራል።» ላቀች ሳቅ ይዟት ውኃው ትን ይላታል፤ እሱ እየሳቀ ጀርባዋን ይመታታል። ሁሉም ነገር ግልጥ ብሎ ታያት፤ የመብራቱ ቢጫነት፣ የሰዓቱ የተቆረጠ ማሰሪያ። ነግሯት ነበር። ሰባት ወር ሳይሞላው፣ የነገራትን እንዲህ ረስታዋለች። ከመጽሐፉ መጥፋት በላይ ደረቷን የጫናት ይህ ነበር።

ከምሳ በፊት የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ አቶ ሀብተሥላሴ አብርሆትንና እትዬ ተሾመችን አስጠሩ። ቢሯቸው ውስጥ ምንጣፍ አለ፤ ከእሳቸው ጀርባ የዞኑ ካርታ፣ ጠረጴዛቸው ላይ አቧራ የጠጣ የላስቲክ አበባ። እትዬ ተሾመች ከበሩ አጠገብ ባለው ወንበር ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ከፈለኝ ቃለ ጉባኤ ሊይዝ ወረቀቱን አስተካከለ። አቶ ሀብተሥላሴ ቁጡ ሰው አይደሉም፤ ሲናገሩ ሰውን ብርድ እንዳያገኘው እንደሚሸፍን ሰው ነው።

«በመጀመሪያ አይዞሽ» አሏት። «ሁለተኛ፣ አስረጂኝ፤ እኔ እንኳ ብዙ አይገባኝም።»

አስረዳቻቸው። ድምጿ ትንሽ ስለሆነ ከፈለኝ ሁለቴ «ምን አልሽ?» አላት። ስለ ሁለቱ ሁለት ሰዓቶች ስትደርስ ኃላፊው እጃቸውን ከፍ አደረጉ።

«ሰዓቱን እንዲያ ያስተካከለው ማን ነው?»

አብርሆት የእጅ ሰዓታቸውን አየች። ማን እንዳዘዘው ትዝ አላላቸውም፤ ወይም ትዝ ብሏቸዋል። ፊታቸው ላይ ምንም የለም። «እርስዎ ነዎት» የሚለው ቃል ምላሷ ላይ መጥቶ ነበር፤ ወደ ኋላ ዋጠችው።

«ተስፋሁን ነው» አለች።

«በቃ» አሉ፤ ሸክም እንደወረደለት ሰው ተነፈሱ። «ከፈለኝ፣ ጻፍ። የቀድሞው ባለሙያ ማሽኑን በተሳሳተ ሰዓት አስተካክለው በመሄዳቸው ምክንያት… ከዚያ ያለውን አንተ ታውቃለህ።» ወደ እሷ ዞሩ። «ነፍሱን ይማረው፤ እሱ እንግዲህ የሥራ አፈጻጸም አይሞላለት፣ ከደረጃው አይወርድ። አንቺ ግን ገና የሙከራ ጊዜሽ ላይ ነሽ። ሁለት ሴቶች በአንቺ ደመወዝ እንደምትኖሩም አውቃለሁ። ለአንቺ ብዬ ነው።»

እውነታቸውን ነው፤ ለእሷ ብለው ነው። የከፈለኝ እስክሪብቶ ወረቀቱ ላይ ሲሄድ ይሰማል። ውጭ አንድ ባጃጅ ዳገቱን እያቃሰተ ይወጣል። አብርሆት ዝም ብትል ሁሉም ነገር ያልቃል፤ ሥራው ይጸናላታል፤ ላቀች ኮረሪማዋን ለችርቻሮ ብቻ እየያዘች ገበያ ትወጣለች እንጂ ቤት ለማከራየት አንዱን ክፍል አትለቅም። የሚቀረው አንድ ነገር ነው፤ ከካልኩሌተሩና ከቁልፉ ቀጥሎ፣ አሁን ደግሞ በፊርማና በማኅተም፣ የልጆች መጽሐፍ ያጠፋው ተስፋሁን ይሆናል።

«ነግሮኛል» አለች።

«ማን?»

«ወንድሜ። ሰዓቱ በአበሻ እንደሚቆጥር ነግሮኛል። እራት ላይ። እያወቅሁ ነው የረሳሁት። እሱ ላይ አይጻፍ።»

ከፈለኝ ቀና አለ። «አንቺ ልጅ፣ ምን አስቸኮለሽ? ሰውዬው እንደሆነ አይሰማ።»

«እኛ እንሰማለን» አለች። ፊቷ ጋለ፤ ግን አፏ አንዴ ተከፍቷል። «ጋሽ ከፈለኝ፣ ካልኩሌተሩም ባለፈው ዓርብ ጠረጴዛህ ላይ ነበር።»

ከፈለኝ ወደ ወረቀቱ ተመለሰ፤ ጆሮው ቀላ። እትዬ ተሾመች ጋቢያቸውን ሰበሰቡ። አቶ ሀብተሥላሴ የላስቲክ አበባውን ወደ ጎን ገፋ አድርገው፣ እንደ ቀድሞው በለስላሳ ድምፅ፣ «ይሄ ቃል በፊርማሽ ከወጣ፣ የሙከራ ጊዜሽን ማጽደቅ ይከብደኛል። ከዚህ ወር ማለፉን እንጃ» አሏት። «ገብቶኛል» አለች። ከፈለኝ አንዱን መስመር ሰርዞ ከላዩ የእሷን ስም ጻፈ፤ ፈረመች። ፊርማዋ ከወንድሟ ፊርማ ጋር እንደሚመሳሰል ያወቀችው ያኔ ነው።

ኮሪደሩ ላይ እትዬ ተሾመች ክንዷን ያዙ። ይቅርታ ልትል ስትጀምር አላስጨረሷትም። «ማሽኔን አስነሺልኝ» አሉ። «ዛሬ አንድ ገጽ ካልጻፍኩ ማታ እንቅልፍ አይወስደኝም። የዋጫው መምህር ደብተሩን አልጣለም፤ ደውዬ ጠይቄዋለሁ። የሺሺንዳዎቹን ግን እንጃ።»

ከምሳ በኋላ ማሽኑን እንደ አዲስ አዘዘችው። ሰዓቱን አልነካችውም፤ በራሱ አቆጣጠር፣ በአበሻ፣ ስምንት ሰዓት አለችው። ሰዓቱ ሲደርስ የተስፋሁን ወንበር ላይ ተቀምጣ አዳመጠች። ከየክፍሉ ኮምፒውተሮቹ ሲበሩ ይሰማል፤ እያንዳንዱ በገመዱ ይጠይቃል፣ ከእግሯ ሥር ሆዱ የተከፈተው ማሽን ይመልሳል። መብራቶቹ ይርገበገባሉ። በዚያ ከሰዓት በኋላ አንድም ሳይከሽፍ ሁሉም ገባ፤ የወረቀት ሥራ የለመዱት ሰዎች እንኳ «ፈጠነ» አሉ። ማንም ግን ወደ ማሽን ክፍሉ አልገባም። በሩ ድረስ መጥተው፣ ከጀርባዋ ያለውን ባዶ ቦታ አየት አድርገው፣ «በርቺ» ብለው ይመለሳሉ። ስትወጣ እትዬ ተሾመች አሁንም እየጻፉ ነበር፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል።

ወደ ቤት ስትሄድ ዝናቡ ጀመረ። ሱቁ በረንዳ ላይ ተጠልላ ሩብ ኪሎ ስኳርና አንድ ሳሙና ገዛች፤ ባለሱቁ ስኳር እንደገና ሊጨምር ነው ብሎ ነገራት፤ እሷም እንደሰማ ሰው ራሷን ነቀነቀች። ቤት ስትደርስ መብራት ጠፍቷል። ላቀች ፋኖሱን አብርታ፣ ሰፌድ ጭኗ ላይ አድርጋ ኮረሪማ ትለቅማለች፤ የበቀለውን ለብቻ፣ ጥሩውን ለብቻ። ክፍሉ በኮረሪማው ሽታ ተሞልቷል። ከበሩ ጀርባ ጃኬቱ እንደተሰቀለ ነው። ሁለቱ ሴቶች በአንድ ጣሪያ ሥር ሲኖሩ ከመስከረም ወዲህ ስሙን አንስተው አያውቁም። ግድ ሲሆን ላቀች «እሱ» ትላለች፤ አብርሆት ደግሞ የምትለው ነገር ስለሚጠፋት ዝም ትላለች። በመካከላቸው ያለው ዝምታ ጠብ አይደለም፤ ግን ጠብ ቢሆን በቀለለ።

ስኳሩን አስቀመጠች፣ እርጥብ ነጠላዋን አወለቀች፣ ቁጭ አለች። ነገሩን ሁሉ ዓይኗን ሰፌዱ ላይ አድርጋ ነገረቻት፤ መጽሐፉን፣ ሁለቱን ሰዓቶች፣ ቃለ ጉባኤውን፣ ሥራው ሊቀር እንደሚችል። ላቀች አላቋረጠቻትም። ጣቶቿም አላቆሙም፤ የቆሙት አንድ ቦታ ላይ ብቻ ነው።

«መቼ ነው የነገረሽ?» አለች።

«እራት ላይ፣ እዚሁ። ሰዓቱን ፈትቶ ከጨው ዕቃው ጎን አስቀምጦ። አለቃው ‹አስታርቅልኝ› ያሉትን እያወራ። አንቺ እኮ ሳቅሽና ውኃ ትን አለሽ፣ እትዬ። ጀርባሽን ሲመታሽ።»

ላቀች ሰፌዱን ከጭኗ አንስታ መሬት ላይ አስቀመጠችው። ፋኖሱ ከታች ስለሚያበራት ዓይኖቿ አይታዩም።

«ያን ቀን ማታ ሁለታችን ብቻ ነበርን» አለች። «ኅዳር ነበር። አንቺ ጅማ ነበርሽ፤ ሁለተኛ ዓመት።»

ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ በረታ። አብርሆት የመብራቱን ቢጫነት አየችው፤ የተቆረጠውን ማሰሪያ አየችው።

«አንቺ ነግረሽኝ ይሆናል» አለች በመጨረሻ።

«እኔ ለሰው አላወራሁትም። የአለቃ ነገር ነው፣ እንዳታወሪው ብሎኝ ነበር። ለእናቴም አላወራሁት።»

«ታዲያ ነግሮኛል ብዬ ፈርሜያለሁ» አለች አብርሆት። «አልነገረኝም እኮ። ነገ ሄጄ ልናገር?»

«ምን ብለሽ?»

ላቀች ተነሳች። በሩ ጀርባ፣ ከጃኬቱ ሥር ካለው ባልዲ ውኃ ቀዳች፤ ጣሳውን ይዛ ተመለሰችና ከፊቷ ቆመች። ሳይነሳ የቆየ ስም እንዴት እንደሚከብድ በአፏ አካባቢ ይታይ ነበር።

«ነግሮሻል» አለች። «ያኔ ባይሆን ሌላ ጊዜ። ተስፋሁን ነግሮሻል።»

ጣሳውን ዘንበል አደረገች።

«እጅሽን ዘርጊ፣ ታጠቢና እንብላ።»